የእናቴ ቋጠሮ

እኔና እናቴ ለበዓል ስጦታ መጠቅለያ ገዝተን አናውቅም። ሁለት አሮጌ ሻሾች አሉን። እሷ ከምትኖርበት ከራቤል በአንዱ በሶ ቋጥራ ትልክልኛለች፤ እኔ ከማስተምርበት ከመሐል ሜዳ በሌላው ቡናና ስኳር እልክላታለሁ። ሻሹን ባዶውን መመለስ ነውር ነው።

የገናው በሶ ሲደርሰኝ የፈተና ወረቀት ሳርም ሰንብቼ ዝዬ ነበር፤ ጥግ ላይ ጥዬው ረሳሁት። በስልክ ግን «በሶው ሲጣፍጥ!» አልኳት። ፋሲካ ሲደርስ፣ መኪናው እንዳያመልጠኝ ስጣደፍ፣ ያዘጋጀሁትን ቡና ትቼ በስህተት ያንን ያልተፈታ ሻሽ አንስቼ ላክሁላት።

ደወለች። «ቋጠሮው የኔው ነው» አለችኝ።

በሳምንቱ በሶው ተመልሶ መጣ። ይቅርታ ልጠይቃት ስደውል ቀደመችኝ።

«ለመፍታት እንዳይደክምሽ፣ ላላ አድርጌዋለሁ።»