የውሃ ዐይን

ቧንቧችን ውሃ ሊመጣበት ሲል ያስላል። ከብዙ ቀን ድርቀት በኋላ አየሩ ከፊት እየተገፋ ሲመጣ በብረቱ ውስጥ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል፤ ልጆቼ ይህን እንደሰሙ ባልዲና ጀሪካን እያንኳኩ ወደ ግቢ ሲሮጡ እኔ ግን ባለሁበት ቆሜ እቀራለሁ። ለእኔ ያ ድምፅ የውሃ ድምፅ አይደለም፤ በልጅነቴ ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ ሣጥን ይወጣ የነበረ ድምፅ ነው። በሰማሁት ቁጥር አብረውኝ የሰሙት ሰዎች አንድ በአንድ ይመጡብኛል።

አባቴ ሐጎስ፣ የወፍጮ ሞተር ጠጋኝ፣ ያለውን ከሚያጥፍ ጣቱ ቢቆረጥ የሚመርጥ። እናቴ ወርቅነሽ፣ ከደሴ በትዳር የመጣች፣ በእሷ ምክንያት እቤታችን ውስጥ አማርኛ የሚነገር። መምህር ደሳለኝ፣ ከጎጃም መጥቶ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ ባለው የኮሌጅ ግቢ ፊዚክስ የሚያስተምር፣ የእኛን አንድ ክፍል የተከራየ። አሞ ለተብርሃን፣ የአባቴ ታላቅ እኅት፤ በእኛ ዘንድ የአባት እኅት አሞ ትባላለች፤ እናታቸው ስትሞት አባቴን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ልጇ ሐረጉ፣ እኩያዬ። ከዚያም እኔ።

ነገሩ የተጀመረው በክረምት ነው። መምህር ደሳለኝ ሦስት ጥቁር ሮቶዎች በጋሪ አስጭኖ ወደ ሰፈራችን ወደ ቀዳማይ ወያነ አመጣ፤ አንዱ በእኛ ግቢ፣ አንዱ ከመንገዱ ማዶ በአናጢው ቤት፣ ሦስተኛው ከሰፈሩ ዳር ባለ መጋዘን ሥር ተቀመጠ፤ መቆሚያቸውን አባቴ በየደ፣ ከጣራ ጣራም ሽቦ ተዘርግቶ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች ትንሽ ሣጥን ጋር ተያያዘ። ከቆርቆሮው የሚወርደውን ዝናብ በነጭ ጨርቅ እያጣራን፣ ያጣራነውን ደግመን እያጣራን ሞላናቸው። መምህሩ ከእያንዳንዱ ክዳን ሥር ትልቅ አምፖል የሚመስል ብርጭቆ ወደ ውሃው አስጎንብሶ ሰቀለና ዙሪያውን በጥቁር ላስቲክና በሬንጅ ደፈነው።

አናጢው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲያይ ቆይቶ፣ «መምህር፣ ዓሣ ልታረባልን ነው እንዴ?» አለው።

«ላጠምድ ነው እንጂ ላረባ አይደለም።»

«መረቡስ?»

«ውሃው ራሱ ነው መረቡ።»

«እንግዲያው ጥብሱ ሲደርስ ጥራን» ብሎ ሁላችንንም አሳቀን። አባቴ ብቻ አልሳቀም። አባቴ ያልገባው ነገር አያስቀውም ነበር፤ ያን ዕለት እራት ላይ መምህሩን ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ አለው።

መምህር ደሳለኝም ከሩቅ ሰማይ፣ የተማሩትም ከየት እንደሚነሣ አጥርተው ከማያውቁት ስፍራ፣ ከአቧራ ቅንጣት እጅግ ያነሱ ነገሮች በኃይል እየበረሩ እንደሚመጡ፣ የላይኛውን አየር ሲመቱ ተበትነው እንደ ካፊያ ወደ ምድር እንደሚወርዱ፣ ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ካፊያው ሳይደክም እንደሚደርስብን ነገረን። «ከካፊያው አንዱ በሮቶው ሲያልፍ ውሃው ውስጥ ሰማያዊ ብልጭታ ይተዋል። የሰው ዐይን አያየውም፤ ያ የሰቀልሁት ብርጭቆ ግን ያየዋል። የውሃው ዐይን በሉት። በዚህ ግቢ ያለው ባየ ቁጥር ሣጥኗ ጠቅ ትላለች።»

«በእኛስ ውስጥ?» አለች እናቴ።

«አሁን እያወራን እንኳ በእኛም ያልፋሉ።»

«በስመ አብ! ምን ሊወስዱብን?»

«ምንም አይወስዱም፤ ያልፋሉ ብቻ።»

ከዚያ ፊቱ ጠቆር አለና ዋናውን ነገር ተናገረ። የሚፈልጋቸው ትልልቆቹ፣ ሦስቱንም ሮቶ ባንድ ቅጽበት የሚመቱት፣ እምብዛም አይመጡም፤ ስለዚህ ሮቶዎቹ በጋውን ሙሉ ሳይነኩ መቆየት አለባቸው። መሣሪያው እየሠራ ክዳኑ ቢከፈትና የቀን ብርሃን ቢገባበት ዐይኑ ይጠፋል። ዐይኖቹን እሱን ያስተማረው ሰው ከባሕር ማዶ ለምኖ የላከለት ስለሆኑ ምትክ የላቸውም፤ እሱ ራሱ የሚማረው ትምህርት መጨረሻም በእነሱ ላይ የተንጠለጠለ ነው።

አባቴ እጁን ታጠበ። «እስከሚመጣው ክረምት ማንም አይከፍተውም። ቃሌ ነው» አለ።

መስከረም ጠባ፤ ጥቅምት ገባ። ሣጥኗ ቀን ከሌት ጠቅ ጠቅ ስትል መጀመሪያ እንቅልፍ ነሥታን ነበር፤ በኋላ ግን ዝም ያለች ሲመስለን መደንገጥ ጀመርን። ሦስቱ ሮቶዎች አብረው ሲመቱ ትንሽ ደወል ትደውል ነበር፤ ያኔ አባቴ ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ቀና ብሎ ጣራውን ያይ ነበር። ከመምህሩ ነገር ሁሉ ይህን ወድዶት ነበር፤ አንዱ ሮቶ ብቻውን ቢጮኽ እንደማይቆጠር፣ ሦስቱ ሲስማሙ ብቻ ነገሩ እንደሚታመን። «አያችሁ፣ የአንድ ሰው ወሬ ፍርድ አይሆንም፤ ሰማይ እንኳ በምስክር ነው የሚዳኘው» እያለ ይመክረን ነበር። ምክሩ ትክክል ነው፤ እኔም ለልጆቼ እደግመዋለሁ። መካሪው ራሱ በምክሩ መኖር አለመኖሩ ሌላ ነገር ነው።

ኩራቱን ይዞም ወደ ሰፈር ይወጣ ነበር። በትግርኛ ሲያወራ የመምህሩን ቃል እንዳለ ገልብጦ፣ በግቢያችን «ዓይኒ ማይ» አለ ይል ነበር፤ የሰማው ሰው ሁሉ ይደነቃል፤ እሱ ደግሞ በመሣሪያው የተደነቁ እየመሰለው ደስ ይለዋል። አሞ ለተብርሃን ይህን ስትሰማ እልል ብላ፣ «እግዚአብሔር ለወንድሜ ሰጠው!» ብላ መሬት ስትስም አይቻለሁ።

በጋው ሲገፋ ቧንቧው ደረቀ። ተራ እየተባለ በሳምንት ይመጣ የነበረው ውሃ በወርም መምጣቱን ተወ፤ ሴቶች ባዶ ጀሪካን እየጎተቱ ከሰፈር ሰፈር ይዞሩ ጀመር፤ ሸማ የሚታጠብበት ቀን ተረሳ። በግቢያችን መካከል ግን ያ ጥቁር ሮቶ ጢም ብሎ ሞልቶ ቆሞ ነበር። የጎረቤት ሰላምታ አጠረ። አንዲት ሴት በራችን ላይ ስታልፍ እኔ እንድሰማ ጮኽ ብላ፣ «ባለ ምንጮች እንዴት አደራችሁ?» አለች፤ እኔ የተለመደ ሽሙጥ መስሎኝ ነበር።

በሚያዝያ ማብቂያ ሐረጉ በተቅማጥና በትውከት ወደቀች። አሞ መጣችና ሮቶውን ክፈትልኝ አለች። አባቴ ከበርሜላችን የቀረውን እኩል አካፈላት፤ በሁለተኛው ቀን የራሳችንንም ድርሻ ጨምሮ ሰጣት። በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ባዶ ነበር።

«ይህን ሁሉ ይዘህ?» አለችው ሮቶውን እያሳየች።

«ሓፍተይ፣ እኅቴ፣ ቃል ሰጥቻለሁ። ከተከፈተ ዐይኑ ይጠፋል።»

«የእግዚአብሔርን ስጦታ ቆልፈህ ይዘህ፣ ልጄ ከንፈሯ ተሰንጥቆ!»

አባቴ ወደ ቤት ገብቶ ሁለት ጀሪካን አነሣና እናቴን፣ «ለለተብርሃን ውሃ ፈልጌ እመጣለሁ፤ እስከ ኲሓ ከተማም ቢሆን እሄዳለሁ» ብሏት በጓሮ በር ወጣ። መምህሩ በትምህርት ቤት ነበር። እናቴ ሐረጉን ልታይ ወደ አሞ ቤት ሄደች። እኔ ሳሎን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

ፀሐይዋ አናት ላይ ነበረች። መጀመሪያ ከግቢ ላስቲክ ሲቀደድ ሰማሁ። ወዲያው በግድግዳው ላይ ያለችው ሣጥን ጠቅታዋ ተፋጠነ፤ እንደሚንጣጣ ፈንድሻ ሆነች፤ ከዚያ ድምፁ ሁሉ ተጋጥሞ አንድ ረጅም ጩኸት ሆነ፤ ከዚያ ዝም አለ። እንዲያ ያለ ዝምታ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። ስወጣ አሞ መሰላሉ ላይ ቆማ ቆርቆሮ ጣሳዋን ወደ ውስጥ ሰድዳ እየቀዳች ነበር። ስሟ የብርሃን ልጅ ማለት ነው፤ ፊቷ ላይ የውሃው ነጸብራቅ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ንጹሕ ነው፤ እንባ ይመስላል» አለችኝ። ለልጇ ብቻ የሚሆን ጥቂት ቀድታ ክዳኑን መልሳ ወረደች፤ ከዚያ በላይ አልወሰደችም።

አባቴ ጀርባው በላብ ርሶ፣ ሁለቱን ጀሪካን ሞልቶ ተሸክሞ ሲገባ በር ላይ ተገናኙ። የተቀደደውን ላስቲክ አየ። ጀሪካኖቹን ቀስ ብሎ መሬት አስቀመጠ።

«ቃሌን አሳወርሽው» አላት።

«ቃል ይጠጣል?» አለችው።

በጀሪካኖቹ ያመጣው ውሃ የማን እንደሆነ ሊናገር ይችል ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። አልተናገረም፤ ወደ ሮቶው እያየ ብቻ፣ «ከቤቴ ውጪልኝ» አላት። እሷም ጣሳዋን በደረቷ ይዛ፣ በማርያም ስም ምላ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሱ ቤት አንዲት ጠብታ ውሃ እንደማትቀምስ ተናገረች። እናቴ በማግሥቱ አንዱን ጀሪካን አስይዛ ላከችኝ፤ አሞ በሩን አልከፈተችልኝም፤ እንደሞላ ይዤው ተመለስኩ። ሁለቱ ጀሪካኖች ግድግዳ ተደግፈው ዝናቡ እስኪመጣ ቆሙ፤ በዚያ ሁሉ ጥም ውስጥ አባቴ ማንም እንዲነካቸውም ሆነ የማን እንደሆኑ ለአሞ እንዲነግር አልፈቀደም።

መምህር ደሳለኝ ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ልጅቷ ዳነች?» ብሎ ነው። ድና ነበር። «እንግዲያስ እሰየው» አለና ወደ ክፍሉ ገብቶ ዘጋ። ተቆጥቶ ቢሆን ለአባቴ ይሻለው ነበር። ሁለቱ ሮቶዎች ማየታቸውን ባያቆሙም የእኛው ስለታወረ ደወሏ ከዚያ በኋላ አልደወለችም። በክረምቱ አጋማሽ መምህሩ ዕቃውን ሸክፎ ወደ አገሩ ሄደ፤ ትምህርቱን ጨርሶ እንደሆነ አልሰማንም። አሞም በዚያው ዓመት ልጇን ይዛ ኲሓ ገባች። ሣጥኗ ግን ግድግዳው ላይ ቀረች፤ አባቴ እራት ላይ አልፎ አልፎ ቀና ብሎ ያያት ነበር፤ ከሣጥኗም ከእሱም አንዳች ድምፅ አይወጣም ነበር።

እኔ በዚያ ቤት አድጌ፣ ትምህርቴን አቋርጬ፣ መምህሩ ጥሏቸው ከሄደ መጻሕፍት ራሴን ሳስተምር፣ አግብቼ ስወልድ፣ አባቴና እኅቱ ቃል አልተለዋወጡም። አባቴ የሞተው መብራትና ስልክ ከከተማችን በጠፉበት ዘመን ነው። አሞ መርዶውን በሰው አፍ ሰምታ ከኲሓ በእግሯ መጣች፤ ሐረጉ፣ የልጆች እናት የሆነችው ሐረጉ፣ ክንዷን ይዛታለች፤ በሌላ እጇ የውሃ ጠርሙስ አንጠልጥላለች። አልቅሳ ስትጨርስ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«አሞ፣ ውሃ ላምጣልሽ?»

«ይዣለሁ።» ቀጥላም፣ «በግቢው ምንጭ እያለው ልጄን ውሃ የነፈገ ሰው ነበር። ግን ወንድሜ ነው፤ አዝዬው አድጓል» አለችኝ።

«የምን ምንጭ?»

«ዓይኒ ማይ ነበራችሁ አይደል? በገዛ አፉ ነው የነገረኝ። ምንጭ ቢቀዱለት ያልቃል? ዐይኑ ይጠፋል ሲለኝ፣ ለሌላ ከሰጡት ይነጥፋል የሚል የስስታም ወሬ ነበር የመሰለኝ።»

ያኔ ገባኝ። በትግርኛ ዓይኒ ማይ ማለት ምንጭ ነው። ሁለቱንም ቋንቋ ከእናት ካባቴ ጠጥቼ ያደግሁ ሰው ያን ሁሉ ዘመን ቃሉን ስሰማ ብርጭቆዋን ብቻ ነበር የማየው፤ ሰፈሩ በሙሉ ደግሞ የሚፈልቅ ውሃ ያይ ነበር። ሮቶው የክረምት ዝናብ ብቻ እንደነበረበት፣ ዐይኑም የብርጭቆ ዐይን እንደነበረ፣ እነዚያ ሁለት ጀሪካኖችም የማን እንደነበሩ ነገርኳት።

«ታዲያ ለምን አልተናገረም?» አለች። አንቺስ ለምን አልጠየቅሽም ሊላት የቃጣውን አፌን ዘጋሁ፤ ከሬሳ ጋር የተጣላን ሰው መውቀስ ነውር ነው። ጠርሙሷን ከሐረጉ ተቀብላ ከፈተች፣ አየችው፣ መልሳ ከደነችው። የእኔንም አልጠጣች፣ የራሷንም አልጠጣች።

ዛሬም ልጠይቃት ስሄድ ውሃ ታቀርብልኛለች፤ እጠጣለሁ። እኛ ቤት ስትመጣ ግን አትቀምስም። ቂም የላትም፤ የንስሐ አባቷም ከመሐላው እንፍታሽ ብለዋት ነበር። «ያስማለኝ ሰው ይፍታኝ» አለቻቸው፤ ያስማላት ሰው አፈር ውስጥ ነው።

ያኔ በሰፈራችን ውሃ ሲጠፋ ቢያንስ ሽሙጡ ጮኽ ተብሎ ይነገር ነበር፤ ዛሬ አጥሩ ረዝሟል፣ በየጣራው ሮቶ ተሰቅሏል፣ ማን እንደተጠማ አይታወቅም። ያ ጥቁር ሮቶ አሁንም የእኛው ነው፤ ለማንም ሰው እከፍተዋለሁ። ሐሰት መናገር ግን አልወድም፤ ባለፈው በጋ ጎረቤቴ ባዶ ባልዲ ይዛ ስታንኳኳ፣ በሩን ከመክፈቴ በፊት ውሃው የት ድረስ እንደወረደ ቀና ብዬ አይቻለሁ። ልጆቼን ቃላችሁን ጠብቁ እላቸዋለሁ፤ አስከትዬም፣ ቃሉን የሰማው ሰው ምን እንደሰማ ጠይቁት እላቸዋለሁ።

መምህሩ ከሰማይ የሚወርዱት ምንም አይወስዱም ብሎ ነበር። ቧንቧው ጠቅ ጠቅ ባለ ቁጥር የሄደውን አስባለሁ፤ ለመምህሩ አንድ ዐይንና ከእሱ ጋር የተስፋው መጨረሻ፣ ለአባቴ ያዘለችው እኅቱ፣ ለአሞ አንድ ወንድምና ለዘላለም የታሰረ ጉሮሮ፣ ለሐረጉ አጎት፣ ለእናቴ በሁለቱ ቤት መካከል የተሰበረ መንገድ። የተቀዳው ውሃ አንድ ጣሳ ነበር።