ጆሮ ይታይ

የሰፈሩ ሰው እውነተኛ ስሙን ከረሳው ቆይቷል። «ጆሮ ይታይ» ነው የሚሉት። ፎቶ አንሺ ነው። የእሱ ቤትና የእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት በአንድ የችፑድ ግድግዳ ብቻ ተለያይተው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስለኖሩ እኔ የማልሰማው ነገር የለም። ባልሰማሁት የምለውን ጭምር እሰማለሁ።

ስሙ የመጣው ከሥራው ነው። ወደ ከተማው አዲስ የገባ ሰው ለመታወቂያ ሁለት ጉርድ ፎቶ ይበቃዋል፤ ጆሮው ታየ አልታየ የሚጠይቀው የለም። ከከተማው ወጥቶ ባሕር የሚሻገር ሰው ግን ስድስት ያስፈልገዋል፤ ጀርባው ነጭ፣ ፊቱ ቀጥ ያለ፣ ሁለቱም ጆሮዎቹ የሚታዩ። «ጆሮ ይታይ!» የሚለው ድምፅ በችፑዱ በኩል በመጣ ቁጥር አንድ ሰው ሊሄድ መሆኑን አውቃለሁ። ድሮ ይህን ድምፅ የምሰማው በሳምንት አንዴ ነበር። አሁን በቀን አምስት ስድስቴ ነው። ለመታወቂያ ሁለት የተነሳው ጎረምሳ ዓመት ሳይሞላው ለስድስት ይመለሳል።

ለገቢውም ለወጪውም የሚያውሰው አንድ ጥቁር ኮት ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። «ግማሹ ከተማ የገባውም የወጣውም በእኔ ኮት ነው» እያለ ይቀልድ ነበር። እውነቱን ነው። የሰው መታወቂያ ኮፒ ሳደርግ ያንን ኮት ሳላይ የዋልኩበት ቀን የለም፤ ቀጭኑም ወፍራሙም ለብሶታል።

ቀልዱን ያስተወው በሩ መስታወት ላይ ያለው «ፎቶ እናጎላለን» የሚል ጽሑፍ ነው። ድሮ የሚጎላው የሠርግ ፎቶ ነበር። ኋላ ግን ጥቁር የለበሱ እናቶች መምጣት ጀመሩ። ከጉያቸው አንዲት ጉርድ ፎቶ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣሉ። ሁለቱም ጆሮዎች ይታያሉ፤ ኮቱም የራሱ ኮት ነው። የእኔንም ታናሽ ወንድም ያጎላው እሱ ነው። ፎቶውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሲሰጠኝ ዓይኔን ማየት አቃተው።

«እህቴ» አለኝ፣ «ካሜራውን በተጫንኩ ቁጥር ‹ይሄንንስ መልሼ አጎላው ይሆን?› እላለሁ።»

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የገዛ ልጁ መጣች።

ያለችው አንድ ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ ፀጉሯን ሳይቀር እየጎነጎነ ያሳደጋት እሱ ነው። በላቦራቶሪ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራ ፈልጋ አጣች። አንድ ሰኞ ጠዋት ገብታ በርጩማው ላይ ቁጭ አለችና፣ ማንም ሳይነግራት ፀጉሯን ከጆሮዎቿ ጀርባ ሻጠችው።

«ስንት?» አላት፣ እያወቀው።

«ስድስት፣ አባዬ። ማመልከቻው አርብ ይዘጋል።»

አትሂጂ አላላትም። በምን አፉ? የሰውን ልጅ ሁሉ በገዛ ኮቱ ሲሸኝ ኖሮ! አንስቶ ሰጣት። ማክሰኞ ማመልከቻ የሚቀበለው ቢሮ ሰዎች «ከጀርባሽ ጥላ አለ» ብለው መለሷት። እንደገና አነሳት። ረቡዕ ደግሞ «ፊትሽ ዘሟል» አሏት። ሰፈርተኛው መሳቂያ አደረገው፤ «ጆሮ ይታይ ዓይኑ ጠፋ» ተባለ። ደንበኞቹ ዓይኔ እያየ አልፈውት ማዶ ካለው ፎቶ ቤት ገቡ። ልጅቷንም እዚያ ሂጂ ቢሏት «አባቴን በሰው ፊት አላዋርደውም» አለች።

እኔ ግን በችፑዱ ስንጥቅ አጮልቄ አይቻለሁ። የግራውን መብራት ያጠፋው ራሱ ነው። ማጮለቅ ነውር ነው ይሉኛል፤ ይበሉ። አይቼ ዝም አልኩ። ምነው ለወንድሜስ እንዲህ መብራት የሚያጠፋበት ሰው በተገኘ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ተቀመጠች። «አባዬ፣ የቀረኝ ነገ ብቻ ነው። በሞቴ፣ ተጠንቅቀህ አንሳኝ» አለችው በቀስታ፣ እንዳይከፋው ፈርታ።

ሠላሳ ዓመት ሰው ሲያነሳ የኖረ ሰው፣ ሰው መቼ ዓይኑን እንደሚከድን ያውቃል። ያንን ጠብቆ ተጫነው። «ምሳ ሰዓት ላይ መጥተሽ ውሰጂ» አላት።

ማተሚያው ሲሠራ ሰማሁ። ቆመ። ቀጥሎ በርጩማው ሲወድቅ ሰማሁና ሮጬ ገባሁ።

ስድስቱ ፎቶዎች ባንኮኒው ላይ ተደርድረዋል። ጀርባው ነጭ ነው። ሁለቱም ጆሮዎቿ ይታያሉ። ዓይኖቿ ተከድነዋል፤ ስድስት ቦታ ተከድነዋል። እሱ ግድግዳውን ተደግፎ ላብ አጥምቆታል።

«እንዳትሄድብኝ ብዬ ነው እንጂ...» ይላል። «በእጄ! በገዛ እጄ እንዲህ አደረግኳት!»

«ጋሼ፣ ፎቶ እኮ ነው፤ ወረቀት ነው» አልኩት። ማንን እንደማጽናና አላውቅም፤ የወንድሜ ፊት መጥቶብኝ ነበር።

አንድ በአንድ ቀደዳቸው። አልበቃው ብሎ ከካሜራውም ከኮምፒዩተሩም አጠፋቸው፤ ጠፍተው እንደሆነ እኔን ሁለቴ አስፈተሸኝ። ከዚያ ደወለላት። «አሁኑኑ ነይ። ምሳውን ተይው።» ድምፅዋን ሲሰማ ነው ትንፋሹ የተመለሰለት።

እያለከለከች መጣች። ሁለቱንም መብራት አበራ። ካሜራውን ባለሦስት እግሩ ማቆሚያ ላይ አሰረው።

«ዓይንሽን ክፈቺ።»

«ከፍቻለሁ እኮ።»

«አሁንም ክፈቺ!»

እንደዚያ ያለ ጥርት ያለ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። በማግስቱ ቢሮው ምንም ሳይል ተቀበላት። እሱ ግን እንደሚያልፍ ያኔውኑ ሐሙስ ነው ያወቀው፤ ፖስታው ውስጥ ሲከታቸው ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ፖስታውን ተቀብላ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዞ መልሶ አስቀመጣት።

«ቆይ፣ አንድ ይቀራል። ፀጉርሽን ልቀቂው።»

«ጆሮዬ ይሸፈናላ!»

«ይሸፈን።»

ፀጉሯን ለቀቀችውና ሳቀች። «አባዬ ደግሞ! ይሄ እኮ የትም አያልፍም።»

«እሱን ነው የፈለግኩት» አለና ተጫነው።