ሀያት ያስተረጎመችበት ክረምት

ባለፈው ሰኔ መጨረሻ አንዲት ወጣት ከአንድ ድርጅት ተልካ ቤቴ መጣች። ከሱዳኑ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ያስጠጉ የመተማ ዮሐንስ ቤተሰቦችን እየዞረች ትጽፍ ነበር። እኔ ግቢ ውስጥ ከሚስቱና ከአራት ልጆቹ ጋር የተጠጋው ባቢክር ይባላል፤ ዕድሜ እኩያዬ ነው። ልጅቷ ሁለታችንን ከኒም ዛፉ ሥር ጎን ለጎን አስቀምጣ ከየት እንደምንተዋወቅ ጠየቀችን።

"በልጅነታችን ነው፣ በሰላም ካምፕ" አልኳት።

ፊቷ በራ። ካምፑ ፍሬ አፍርቷል ማለት ነው ብላ ቶሎ ቶሎ ጻፈች። ባቢክር ድሮ አማርኛ አይሰማም ነበር፤ አሁን ግን ይሰማል፤ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን ያያል። አዎ፣ አፍርቷል አልኳት። ውሸት አልነገርኳትም። ያልነገርኳትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ካምፑ ሲደረግ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ያኔ በጓንግ ወንዝ ዳር ያለው የእርሻ መሬት ድንበሩ እዚህ ነው እንላለን እኛ፤ እዚያ ነው ይላሉ ሱዳኖቹ። ሰሊጡ ለአረም ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ ታጭዶ ነዶው እስኪቆም ድረስ ሰው ሳይሞት የሚያልፍ ዓመት አልነበረም። ታላቅ ወንድሜ ታደለ የተገደለው በአረም ጊዜ ነው። ሬሳው የመጣው በትራክተር ተሳቢ ላይ ሸራ ለብሶ ነበር። ትራክተሩ ጥቁሩ ጭቃ እየያዘው ከእርሻው ቤታችን ለመድረስ ግማሽ ቀን ፈጀበት። እናቴ የሞተሩን ድምፅ ከሩቅ ሰምታ "ዛሬስ በጊዜ ተመለሰልኝ" ብላ ውሃ ልታሞቅለት ተነሣች።

ከወር በኋላ ደግሞ ከማዶ አንድ ገበሬ ተገደለ። ማን እንደገደለው እኛ መንደር የማያውቅ አልነበረም። የሞተው ሰው የባቢክር አጎት ነበር። ባቢክርን ግን ያኔ ገና አላውቀውም።

በተከታዩ ክረምት አንድ የእርዳታ ድርጅት ከሁለቱም ወገን ሃያ ሃያ ልጆች መልምሎ ገንዳ ውሃ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለአሥራ ሁለት ቀን ሰበሰበን። እኔ የተመረጥኩት ወንድሜ ስለሞተ ነው። እናቴ እምቢ ብላ ነበር፤ አባቴ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ይበላል አላት።

የቆላ ክረምት ደገኞች እንደሚያስቡት አይደለም። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሙቀቱ ግን አይለቅም፤ አየሩ ይታፈናል፣ ዝንቡ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ጫማ ላይ የሚለጠፈው ጭቃ ከእግር ይከብዳል። በየመማሪያ ክፍሉ ፍራሽ ተነጥፎልን ተኛን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እኛ የማሽላ እንጀራችንን በአንዱ ጥግ እንበላለን፣ እነሱ ኪስራ የሚሉትን ስስ ቂጣቸውን በሌላው ጥግ ይበላሉ። ፉሉ አንድ ነበር፤ ላዩ ላይ የሚፈሰውም የሰሊጥ ዘይት አንድ ነበር፤ ሰሊጡም ምናልባት ከአንድ እርሻ የታጨደ።

አስተባባሪዋ ከአዲስ አበባ የመጡ ደግ ሴት ነበሩ፤ አረብኛ አይችሉም። የሱዳኖቹ ኃላፊ እነሱ ኡስታዝ የሚሉት መምህር ነበር፤ አማርኛ አይችልም። የተቀጠረው አስተርጓሚ በሁለተኛው ቀን ወባ ጣለውና ወደ ጎንደር ተመለሰ። ያኔ ሀያት እጇን አወጣች።

ሀያት ከእኛ ጋር ነበር የመጣችው፤ መተማ ዮሐንስ ከእናቷ ጋር ትኖር ነበር። አባቷ ግን ገዳሪፍ የሚኖር የሎሪ ሾፌር ነው፤ ሱዳናዊ። ቀጭን፣ ረጅም አንገት ያላት፣ ስታስብ የሻሿን ጫፍ የምትነክስ ልጅ ነበረች። ሁለቱንም ቋንቋ አንዱ ከሌላው ሳይለይ ታፈሰዋለች። አስተባባሪዋ እግዜር የላካት ልጅ አሏት።

ከሰዓት በኋላ ክብ ሠርተን እንቀመጥና የደረሰብንን በየተራ እንናገራለን። በአራተኛው ቀን ተራው የባቢክር ሆነ። ስለ አጎቱ ሲናገር ድምፁ እየወፈረ ሄደ፤ ጣቱን ወደ እኛ ቀስሮ "አውላድ አልከልብ" አለ። ከንግግሩ ሁሉ የእኛ ልጆች ጆሮ የያዘችው አንዲት ቃል ናት። አንዱ ከልብ ያለው ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

ሀያት ሳትደነግጥ "'ከልብ አዝኛለሁ፤ የእናንተም ወንድሞች ሞተዋል' ነው የሚለው" አለች።

ከእኛ በኩል ከንፈር ተመጠጠ። አንዲት ልጅ ዓይኗን ጠረገች። እኔ ግን ሁለት በጋ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ገበያ ጆንያ ተሸክሜያለሁ፤ ጆንያው ከትከሻዬ በተንሸራተተ ቁጥር የምጠራው በዚያ ስም ነበር። የውሻ ልጆች ማለት ነው።

ተራዬ ሲደርስ ሆን ብዬ ተናገርኩ። የወንድሜ ገዳዮች ቤታቸው ሲቃጠል ሳላይ ሰላም የሚባል አላውቅም አልኩ። ባቢክርን እያየሁም "አጎትህን የገደለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ እጁን ይባርከው" አልኩት። ሀያት ሻሿን ነከሰች። ከዚያ ወደ አረብኛው ስትመልሰው የለቀምኳቸው ቃላት እናት፣ እንባ፣ አላህ ይማረው የሚሉ ነበሩ። ባቢክር አቀርቅሮ ዓይኑን በጀላቢያው እጅጌ አበሰ።

ክቡ ሲበተን ከውሃው ታንከር አጠገብ ጠበቅኳት። እሷም እንደምጠብቃት አውቃ ነበር።

"ለምን ትዋሻለሽ?" አልኳት።

"እቤትም እንዲሁ ነው የማደርገው" አለችኝ። "የአባቴ እናት ዘንድ ስንሄድ አያቴ እናቴን ትሰድባታለች፤ እኔ ወጡን ወዳዋለች ብዬ እነግራታለሁ። እናቴም የምትመልሰውን አስተካክዬ ነው የምናገረው። ይኼው እስከ ዛሬ አብረው ይበላሉ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ስምንት ቀን ነው የቀረው፤ ለማንም አትንገር። እባክህ።"

እሺ አልኳት። ሦስት ቀን ጠብቄላታለሁ፤ ከዚያ በላይ ግን አልቻልኩም።

በሰባተኛው ቀን ኳስ ተጫውተን ደክሞን ስንቀመጥ ባቢክር ወደ እኔ መጣ። ከቤቱ ይዞት የመጣውን ተምር ከኪሱ ዘግኖ እጄ ላይ አደረገልኝ። ከዚያ እንዲገባኝ በአረብኛ ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ለአጎቱ ስላለቀስኩለት አላህ ይስጥህ አለኝና አቀፈኝ።

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ያኔ ምን እንደተሰማኝ በትክክል ለመናገር እሞክራለሁ። ታደለን ሁለተኛ የገደሉብኝ መሰለኝ። ሌላም ነገር ነበር፤ ተምሩ ይጣፍጥ ነበር፣ መታቀፉም ደስ ብሎኝ ነበር። ያበገነኝ ይኼ ነው። በተሰባበረው የገበያ አረብኛዬ ያልኩት እሱን አይደለም አልኩት፤ ያልኩትንም ነገርኩት።

እጁ ከትከሻዬ ወረደ። ጡጫውን ሲጨብጥ አየሁ፤ እኔም ጨበጥኩ። ከዚያ እሱም በክቡ ስለ እኛ ያለውን ደገመልኝ። አፍንጫ ለአፍንጫ ቆመን ትንፋሹ ተምር ተምር ይለኝ ነበር። ያኔ ብንደባደብ ኖሮ ምናልባት አንድ ጥርስ ይረግፍ ነበር፤ ነገሩም እዚያው ያበቃ ነበር። ባቢክር ግን ዞር ብሎ ሀያትን በዓይኑ ፈለጋት። "ታዲያ ያታለለችን እሷ ናት?" አለኝ። እፎይ አልኩ። ንዴታችን የሚያርፍበት ቦታ አገኘ።

ማታውኑ እኔም ባቢክርም ለየወገናችን አወራን፤ በማግስቱ ጠዋት ሁለቱም ወገን ለመጀመሪያ ጊዜ ተደባልቆ ቁርስ በላ። አንድ ትሪ ላይ ከእኛም ከእነሱም ተቀመጠ። ሀያት ብቻዋን በላች። አስተባባሪዋ በደስታ እየዞሩ ፎቶ አነሡን። እኛ በአማርኛ፣ እነሱ በአረብኛ ባለ ሁለት ምላስ የሚል ስም አወጣንላት። ፍራሿ ውስጥ ጭቃ ተከተተ፤ ብርድ ልብሷ ላይ ላምባ ፈሰሰ። ኩባያዋ ውስጥ የተፋሁት እኔ ነኝ። ከሰዓት በክቡ ስንቀመጥ እንደተለመደው ታስተረጉምልናለች፤ አሁን ማለስለስ አላስፈለጋትም፤ እርስ በርሳችን ክፉ መነጋገር ትተን ነበር።

በአሥረኛው ቀን ወደ ኮሩ ለሽርሽር ወሰዱን። ኮር የምንለው በበጋ ደርቆ በክረምት የሚሞላ ወንዝ ነው። ጠዋት ዘንቦ አባርቶ ነበር። መኪናው መንገድ ላይ ጭቃ ያዘውና አስተባባሪዋና ኡስታዝ ከሾፌሩ ጋር ሊያስገፉ ቀሩ፤ እኛን ቀድማችሁ ሂዱ አሉን። ውሃው ከጉልበት አያልፍም ነበር። ሱዳኖቹ በድንጋዩ ላይ እየዘለሉ ተሻገሩ፤ እኛ በወዲህ ቀረን። ማን እንደጀመረው አላውቅም እል ነበር። አውቃለሁ። እኔ ነኝ ሀያትን ወደ አባትሽ ሰዎች ሂጂ ያልኳት።

ቀሚሷን ሰብስባ ተሻገረች። ባቢክር ከማዶ ወደ እናትሽ ተመለሺ ብሎ ጭቃ ወረወረባት። ተመለሰች። እኛም ወረወርን። ሁለቱ ዳር አንድ ላይ ሳቀ፤ በዚያ ካምፕ እንደዚያ አብረን ስቀን አናውቅም። እንደገና ሄደች፣ እንደገና ተመለሰች። ላይኛው አገር ዘንቦ ኖሮ ውሃው እየደፈረሰ ወደ ወገቧ ወጣ። ቀሚሷን መሰብሰብ ተወች። ጭቃው አለቀብንና ጠጠር አነሣን። በመጨረሻ መሀል ላይ ካለው ድንጋይ ወጥታ ቆመች። ወደ እኛ ዞራ "ደከመኝ" አለች። ወደ እነሱም ዞራ በአረብኛ ያንኑ አለች።

እኔ ወረወርኩ፤ ባቢክርም ወረወረ። የማናችን እንደመታት እስከ ዛሬ አናውቅም። ስትወድቅ እግሯ ድንጋዮቹ መሀል ገብቶ ተቀረቀረ፤ ውሃው ደግሞ ገላዋን ወደ ታች ገፋው። አጥንቷ ሲሰበር ከሁለቱም ዳር ሰማነው። እኔና ባቢክር ዘለን ገባን፤ አንዳችን የአንዳችንን ክንድ ይዘን አወጣናት።

አስተባባሪዋ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ቀርቶ በባዶ እግራቸው እየሮጡ መጡ። ኡስታዝም ደረሰ። ሀያት ሣሩ ላይ ተጋድማ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ጥርሷ ይንገጫገጫል። ኡስታዝ ባቢክርን ጠየቀው፤ ባቢክር መለሰ። አስተባባሪዋም እንደለመዱት ወደ ሀያት ዘወር ብለው ምን አለ ልጄ አሏት። እኔ በተሰባበረው አረብኛዬም ቢሆን መተርጎም እችል ነበር።

"'አዳልጧት ነው' ይላል" አለች ሀያት።

ከዚያ እኔን ጠየቁኝ። አዳልጧት ነው አልኩ። እሱንም ወደ አረብኛ መለሰችው። በዚያ ክረምት ካስተረጎመችው ሁሉ አንድ ቃል ሳትጨምር፣ አንድ ቃል ሳትቀንስ ያደረሰችው ያንን ነበር።

ዝናቡ መንገዱን ዘግቶት ሀያትን ጎንደር ሆስፒታል ለማድረስ ሁለት ቀን ፈጀ። ቁስሉ ውስጥ የኮሩ ጭቃ ገብቶ ነበር። እግሯ ከጉልበቷ በታች ተቆረጠ። እኛ ይህን ሳንሰማ የምስክር ወረቀት ተሰጠን። እኔና ባቢክር ተጨባብጠን ፎቶ ተነሣን። አስተባባሪዋ አለቀሱ፤ የሁለት ወገን ልጆች እንዲህ አንድ ሲሆኑ አይቼ አላውቅም አሉ። እውነታቸውን ነበር።

እናቷ እትዬ ዘሐራ መተማ መናኸሪያ ሻይ ትሸጥ ነበር። ዓመት ሙሉ እንዳታየኝ በመንገዱ በሌላው ዳር አለፍኩ። አንድ ቀን አይታኝ ጠራችኝ። አብረሃት አልነበርክ፣ እንዴት ነው የወደቀችው ብላ ጠየቀችኝ። ልጅቷ ለእናቷም አልተናገረችም ማለት ነው።

"አዳልጧት ነው፣ እትዬ" አልኳት።

የልጄ ጓደኛ ነህ ብላ ሻይ አጠጣችኝ። ጠጣሁት። በቀጣዩ ዓመት አካባቢውን ለቀው ሄዱ፤ አንዳንዱ ገዳሪፍ ይላል፣ አንዳንዱ ጎንደር። ጠይቄ አላጣራሁም።

እኔና ባቢክር ግን ሳንለያይ ኖርን። በእነሱ በኩል የተነዱ በሬዎቼን ሁለት ጊዜ አስመልሶልኛል። እኔም ታጣቂዎች ወደ እርሻው ሊሄዱ መሆኑን ሰምቼ ልኬበት ልጆቹን ይዞ ወጥቷል። ጦርነቱ ከቤቱ ሲያስወጣው ድንበሩ ላይ ያለው ድልድይ ድረስ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሲያመሰግነን እሰማለሁ። ይህ ሁሉ ደግነት ሥሩ የት እንደሆነ የምናውቀው ሁለታችን ነን፤ በሃያ ስድስት ዓመት አንድም ቀን አንስተነው አናውቅም።

ያቺ ወጣት ከሄደች በኋላ፣ ምሳ እስኪቀርብ ድረስ እዚያው ኒሙ ሥር ቀረን። ለምን በዚያ ቀን እንደሆነ አላውቅም፤ ሀያትን ታስታውሳታለህ አልኩት።

"የእናንተ ልጅ ነበረች" አለኝ በአማርኛ።

"አባቷ የእናንተ ሰው ነበር" አልኩት።

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የተሰማኝ። ባቢክርም ተሰምቶታል፤ ፊቱን አዞረ። ልጆች ነበርን እያልኩ ራሴን ሳጽናና የኖርኩት ሰውዬ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ፣ ጢሜ ሸብቶ፣ ያቺን ልጅ መልሼ ወደ ውሃው ገፋኋት። ቢያንስ ስሟን ጠርቻለሁ ልል እችላለሁ፤ ግን የጠራሁት ወደ ማዶ ለመላክ ነበር።

ሚስቱ ፉሉን አመጣች። እጃችንን ታጠብንና ከአንድ ትሪ በላን።