ባሕርን በምላሳቸው የለኩት አዛውንት

ይህ የደረሰብኝ በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ካርቱም ውስጥ ማስተማር በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። ስለ ትነት ባስተማርኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል። ትምህርቱን ለልጆች እያስተማርኩ ራሴ እንዳልገባኝ ያሳዩኝ አንድ የማላውቃቸው ሰው ናቸው።

እናቴ ቡሪ ሰፈር፣ ጡረታ በወጡ አንድ ሱዳናዊ መሐንዲስ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። እኔም በልጅነቴ ከወሎ መጥቼ ያደግኩት በዚያ ግቢ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ነው። መሐንዲሱ ዕድሜያቸውን የፈጁት ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ነበር። ከቀይ ባሕር ለመታሰቢያ ያመጧቸው ሁለት ዓሦች ሳሎኑ ውስጥ በትልቅ የመስታወት ገንዳ ይኖሩ ነበር። ክላውንፊሽ ይባላሉ። መልካቸው ብርቱካንማ ነው፤ ሁለት ነጭ መቀነት የታጠቁ ይመስላሉ። ትልቋ ሴቷ፣ ትንሹ ወንዱ ነው። ይህን ስናገር ተማሪዎቼ ሁልጊዜ ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ መሐንዲሱ ዓይናቸውን ለመታከም ከባለቤታቸው ጋር ወደ ካይሮ ሄዱ። ሲሰናበቱ እናቴን፣ “ሌላው ቢጠፋ ይጥፋ፣ እነዚህ ግን አደራ” አሏት። እናቴ አደራ ሲባል ቀልድ አታውቅም። ሥራውን እኔ ወሰድኩላት።

መሐንዲሱ በዐረብኛ የጻፉትን መመሪያ ተርጉሜ በሠንጠረዥ አዘጋጀሁና ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ምግብ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ቶሎ በልተው የሚጨርሱት ያህል ብቻ። በየሳምንቱ አንድ ባልዲ ውሃ ይወጣና በምትኩ በልክ ጨው የተበጠበጠበት አንድ ባልዲ ይገባል። ውሃው ሲጎድል እስከ ቀዩ መሥመር ይሞላል።

እናቴ ሠንጠረዡን አየችና፣ “ለዓሣም ክፍለ ጊዜ አወጣሽለት? ደወሉንስ ማን ይደውልላቸዋል?” አለችኝ።

ስህተቴ በመጨረሻው ተራ ላይ ነበር። በካርቱም ግንቦት ውሃው በየቀኑ ከመሥመሩ ሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል። መሐንዲሱ “ይሞላል” እንጂ በምን እንደሚሞላ አልጻፉም፤ ለእሳቸው ግልጽ ነገር ነው። እኔ ደግሞ የባሕር ዓሣ ስለሆነ ጨው እየበጠበጥኩ ሞላሁ። በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳላጓድል። በገንዳው ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ሲጋገር ደግሞ በጨርቅ እየወለወልኩ አጸዳ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ዓሦቹ መብላት ተዉ። መልካቸው ደበዘዘ። ጥግ ይዘው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ሙቀቱ ነው ብዬ ተጨማሪ አንድ ባልዲ በጨው ውሃ ቀየርኩላቸው፤ አልረዳቸውም። መሐንዲሱ ሊመለሱ አንድ ሳምንት ቀርቷቸዋል። እናቴ ገንዳው ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣ፣ “አሥራ አንድ ዓመት አንድ ብርጭቆ ሰብሬባቸው አላውቅም” አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ከገንዳው ውሃ በጠርሙስ ቀድቼ፣ ሃፍላ በሚሏቸው አውቶቡሶች ወደ ገበያ ሄድኩ። የጌጥ ዓሣ የሚሸጥበት ሱቅ እዚያ አለ። ቀኑ ዓርብ መሆኑን የረሳሁት ከጭንቀት ብዛት ነው፤ ሱቁ ተዘግቷል። ተመልሼ ቡሪ ስወርድ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር። መንገዱ ዳር፣ ኒም ዛፍ ሥር፣ ለመንገደኛ የሚቀመጥ ዚር አየሁ። ዚር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ማሰሮ ነው። በጀላቢያቸው ላይ ሰደርያ የደረቡ አንድ አዛውንት ይሞሉታል። ጣሳውን ሳነሳ ጠርሙሴን አይተው፣ “ውሃ በእጅሽ ይዘሽ ውሃ ትለምኛለሽ ልጄ?” አሉኝ።

ማስረዳት እወዳለሁና ሁሉንም ከሠንጠረዡ ጀምሬ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከጠርሙሱ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው በምላሳቸው ነኩና ተፉት።

“ይህ ባሕር አይደለም” አሉ። “ይህ ሁለተኛው ኩሬ ነው።”

ፖርት ሱዳን ጨው ማምረቻ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። የባሕሩ ውሃ መጀመሪያ አንድ ኩሬ ውስጥ ይገባል፤ ፀሐይ ስትመጠው ወደ ሁለተኛው ይሄዳል፤ በመጨረሻው ኩሬ ጨው ሆኖ ይቀራል። የየኩሬውን ውሃ በምላሳቸው ይለዩታል።

ከዚያ የዚሩን ሆድ አሳዩኝ። ሸክላው ውጪው ላይ ነጭ ቅርፊት ይዟል።

“ይህንን ማን ለጠፈው ኡስታዛ?”

አስተማሪ መሆኔን ነግሬያቸው ነበር። ውሃው በሸክላው አልፎ ይተናል፤ አብሮት የነበረው ነጩ ነገር ውጪ ይቀራል። በዚያው ሳምንት ጥቁር ሰሌዳ ላይ “ውሃ ሲተን የሟሟበት ነገር ይቀራል” ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከገንዳው ጠርዝ በየጠዋቱ የወለወልኩት ምን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ሙቀቱ ውሃውን ብቻ ሲወስድ እኔ በላዩ ጨው ስጨምርበት ነበር።

“ከእንግዲህ ጨው አታስነኪው” አሉኝ። “ከገንዳው እየቀነስሽ፣ በምትኩ ጨው የሌለው ውሃ ጥቂት ጥቂት። በአንዴ ካፈሰስሽው ድንጋጤው ይገድላቸዋል። የቧንቧውን ደግሞ እንደወረደ አትስጫቸው፤ የሚጨመርበት ማጽጃ መድኃኒት ይጎዳቸዋል። ከዚሩ ሥር የሚንጠባጠበው ይሻላል።”

ያንን ተጠራቅሞ የነበረ ውሃ በጀሪካን ሞልተው ራሳቸው ተሸክመው እስከ በራችን መጡ። ቤት ውስጥ ወንድ እንደሌለ ስነግራቸው አልገቡም፤ ከበሩ ውጪ መደቡ ላይ ተቀመጡ። እናቴ ከገንዳው በብርጭቆ እየቀዳች ታወጣላቸዋለች። እሳቸው ቀምሰው፣ “ገና ነው” ይላሉ። ሦስት ቀን ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እየመጡ ቀመሱ። ከሻይ በቀር ምንም አልተቀበሉንም።

ምክንያቱን ለእናቴ በዝርዝር ሳስረዳት አዳምጣኝ ስታበቃ፣ “ወጥ ሲወፍርብሽ ውሃ ነው ወይስ ጨው የምትጨምሪው?” አለችኝ። “ይህንን እኮ ብትጠይቂኝ እኔም እነግርሽ ነበር።”

በሦስተኛው ቀን አዛውንቱ ቀምሰው ሳይተፉ ትንሽ ቆዩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። “አሁን የእኛ ባሕር ነው” አሉ። በነጋታው ጠዋት ሴቷ ከጥጉ ወጣች፤ ወንዱ ተከተላት። እናቴ ምግቡን በጣቷ ቆንጥራ ጣለችላቸው። በሉ። ሻርፗን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች።

መሐንዲሱ አንድ ዓይናቸው እንደታሸገ ገቡ። እናቴ እግሬን እየረገጠችኝ ጥፋቴን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከመሳቢያ የውሃን ጨው የሚለካ ቀጭን የመስታወት መለኪያ አውጥተው ገንዳው ላይ አንሳፈፉ። በደህናው ዓይናቸው ጎንበስ ብለው አዩት። መለኪያው ልክ የባሕር ውሃ ምልክቱ ላይ ቆሟል።

“በምን ለካሽው?” አሉኝ።

“በሰው ምላስ” አልኳቸው።

ሰውየውን ካላየሁ ብለው ዓርብ አብረን ሄድን። ዚሩን የሚሞላው ሌላ ሰው ነበር። አዛውንቱ ልጆቻቸው ዘንድ፣ ፖርት ሱዳን ተመልሰዋል አለን። ማን ብዬ ላፈላልጋቸው? ያን ያህል ስለ ዓሣ ሳወራቸው አንድ ጊዜ እንኳ “ስምዎ ማነው?” አላልኩም። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

አሁን የምንኖረው ጀሪፍ የሚባል ሌላ የካርቱም ሰፈር ነው። በራችን ላይ ለመንገደኛ ዚር አስቀምጠናል፤ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ሞልቼው እወጣለሁ። የትነት ትምህርት ሲደርስ ተማሪዎቼን አምጥቼ ነጩን ቅርፊት በጣታቸው አስነካቸዋለሁ። እናቴ ንጽሕና ወዳድ ናት፤ አንዳንድ ቀን ልትፈገፍገው ብሩሽ ይዛ ትወጣለች። ከዚያ ታስታውስና፣ ለአዛውንቱ ዱዓ አድርጋ ትመለሳለች።