ወንበሮቹ ለቅሶ ሄደዋል

እኔ ተኽላይ የእድራችን ዳኛ ነኝ። አጥባቂ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ ፓስተር የሚባል ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ቃልአብ ሳወራ ያዳላሁ እንዳይመስላችሁ ነው።

ቃልአብን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለች አንዲት ትልቅ ቸርች “አያት ኮንዶሚኒየም ሂድና ቤተክርስቲያን ትከል” ብላ ላከችው፤ ችግኝ ይመስል። ከሚስቱ ከሳምራዊት ጋር መጥቶ በጸጉር ቤትና በጎሚስታ መሃል ያለች ሱቅ ተከራየ። ቸርቿም ስሟ ጀርባቸው ላይ የተጻፈባቸው የፕላስቲክ ወንበሮች በአይሱዙ ጭና ላከችለት። ወንበሩ መጣ፤ ሰው ግን አልመጣም። እሁድ እሁድ የሚሰብከው ለሳምራዊት፣ ከሰሚት በሚኒባስ ለምትመጣ ብሩክታይት ለምትባል ነርስ፣ እና ሥራ ሲቀዘቅዝ ጥላ ፈልጎ ለሚገባው ጎሚስታ ለሃይደር ነበር። ሃይደር ደግሞ ሙስሊም ነው።

አንድ ጊዜ የእድሩ አግዳሚዎች ተሰባብረው ለለቅሶ ወንበር ለመንኩት። ወዲያው ተሸክሞ አመጣ። ይሰበሩብኛል ብሎ ነው መሰለኝ አብሯቸው ቀረ፤ ቆሞ ከመዋል ብሎም ውኃ ቀዳ፣ ንፍሮ አዞረ፣ በመጨረሻም ድንኳን ነቀለ። ለለቅሶተኛ ይሰብካል ብዬ ላባርረው ተዘጋጅቼ ስጠብቅ ምክንያት ነፈገኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሞተ ቁጥር ወንበሮቹ ለቅሶ ይሄዳሉ። ቀኑ እሁድ ከሆነ ምዕመኑ ቆሞ ይሰማል፤ ስብከቱም ያጥራል። ሃይደር ይህን በጣም ወደደው። ለጀማሪ ፓስተሮች ምክር ስጥ ብባል ወንበር ግዙ እላለሁ።

አንድ ሐሙስ ቃልአብ ፊቱ አመድ መስሎ ቤቴ መጣ።

“ጋሽ ተኽላይ፣ እሁድ አለቃዬ ፓስተር አብነት ሊያየን ይመጣል። ሰው ካላገኘ ቸርቹን ይዘጋዋል። እኔንም ቦሌ መልሶ የመኪና ማቆሚያ አስተናጋጅ ያደርገኛል።”

“ታዲያ እኔ ምን ላድርግልህ?”

“እሁድ ወንበሮቹ ያስፈልጉኛል። እባክዎ፣ ሰው እንዳይሞት።”

ሰው ሲጨንቀው ምን የማይለው አለ። ለአባላቱ አሳስባለሁ ብዬ ሸኘሁት።

ዓርብ ማታ ጎረቤታችን ዓለምሰገድ ሞተ። ነፍሱን ይማረውና በሕይወቱም ማሳሰቢያ የሚሰማ ሰው አልነበረም። ቅዳሜ ስንቀብረው ቃልአብ ማንም ሳይጠይቀው ወንበሮቹን አመጣ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ለሟች ይሁን ለቸርቹ አልጠየቅሁትም።

እሁድ ረፋድ ላይ ፓስተር አብነት ሱፉን ግጥም አድርጎ ደረሰ። ሱቋ ባዶ ናት። ዞር ሲል በብሎኮቹ መሃል ትልቅ ድንኳን አየ፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው፣ ሰው በተቀመጠበት ወንበር ሁሉ ላይ የቸርቹ ስም። ሱቁ ጠቧቸው ድንኳን የጣሉ መሰለው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፣ ማንንም ሳይጠይቅ እየሮጠ ገብቶ መሃላችን ቆመ።

“ወገኖቼ፣ ይህን አልጠበቅንም ነበር” አለ፣ ድምፁ በደስታ እየተንቀጠቀጠ። እኛም አልጠበቅንም ነበር። “እግዚአብሔር በመካከላችሁ ድንቅ ሥራ ሠርቷል። ከዚህም በላይ ይጨምርላችሁ።”

ሽማግሌዎቹ ከልማድ “አሜን” ካሉ በኋላ ደነገጡ። እሱ ጥቁር ወደለበሱት ሴቶች ዞሮ፣ “መዘምራኑ አንድ መዝሙር ያሰሙን” አለ።

ከዘራዬን አነሳሁ። የውኃ ጆግ የያዘው ቃልአብ ግን ቀደመኝ። ዝም ብሎ ሰውየውን ምሳ ቢጋብዘው ቸርቹ ተረፈ ማለት ነው። እኔ ብሆን ዝም እል ነበር።

“ፓስተር፣ ይሄ ለቅሶ ነው” አለ። “የኔ ሰዎች እዚያ ጥግ ያሉት ሦስቱ ናቸው።”

“እኔን አትቁጠረኝ” አለ ሃይደር።

አብነት ላቡን ጠረገ። ሲያፍር የሚቆጣ ሰው ነው መሰለኝ፣ “እንግዲያው ዕቃህን ሰብስብ። ከነገ ጀምሮ ቦሌ ነህ” አለው።

የሟች ሚስት ተናኜ ምን እንደተባለ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ከፍራሿ ተነስታ ፊቱ ቆመች።

“ይስሙኝ ጌታዬ። እኔ የመድኃኔዓለም ነኝ። እዚያ ሱቅ እግሬ አይረግጥም፤ ይሄን ለዚህ ልጅ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። ግን ዓርብ ማታ ዓለምሰገድ ሲያጣጥር ፈርቼ ኮሪደር ወጣሁ። ስንት ዘመን አብሮኝ የኖረውን ባሌን ጥዬ ወጣሁ። ይሄ ልጅ ጩኸቴን ሰምቶ ገብቶ እጁን ያዘው፤ እስኪያልፍ አልለቀቀውም።” ትንፋሽ ወሰደች። “እሱን ወስዳችሁ፣ እኔን ማን ይይዘኛል?”

ለዓለምሰገድ ያላለቀስኩትን ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አብነት ስለ ቦሌ ዳግመኛ አላነሳም። ጆጉን ከቃልአብ እጅ ተቀብሎ፣ ግማሹን መሬት ላይ እያፈሰሰ፣ ለሽማግሌዎቹ ውኃ መቅዳት ጀመረ። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ፤ ለካ እዚያ ቦሌ ትልቁ ቸርች ሰባኪያቸው ጠፍቶባቸዋል። በመጨረሻ አነሳው። “የት ነህ?” የሚለው ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ።

“ቸርች ነኝ” አለ። “አያት ያለችው።”

እኔም አላረምኩትም።