ወደ ደሴቲቱ የመራኋት እኔ ነኝ

ባለፈው ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ሐና ለንደን፣ አርችዌይ ወዳለው ቤቴ መጣችና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አድርጋ ፎቶ ታሳየኝ ጀመር። ከጓደኛዋ ጋር የጀርባ ሻንጣ ተሸክማ አንድ ወር ሙሉ አገር ለአገር ስትዞር ከርማ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ባሕር መሃል ባለች ደሴት፣ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ነው ያሳለፈችው። «ከዚያ ሁሉ አቧራ በኋላ፣ አክስቴ፣ ዊ ዲዘርቭድ ኢት፣ ይገባናል!» አለችኝ። ዘንባባው፣ ነጩ አሸዋ፣ አልጋው ላይ የተነሰነሰው አበባ። «አንቺ እንደዚህ ያለ ቦታ ሄደሽ ታውቂያለሽ?»

«አንድ ጊዜ» አልኳት። ሳቀች። ከቤተ ክርስቲያንና ከሆስፒታል በቀር የትም ስሄድ አይታኝ አታውቅም፤ አልፈርድባትም። ሻይ ላፍላ ብዬ ተነሣሁና ነገሩ በዚያው ቀረ። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከራሴ ጋር ስነጋገር ሰነበትኩ።

ጊዜው ደርግ ገና ያልተነቃነቀበት ነበር። እኔና ጓደኛዬ ሰብለ ካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለች፣ ማዘጋጃ ቤቱ በሚያከራያት የካውንስል ቤት አብረን እየኖርን ነርስነት እንማራለን። ሁለታችንም ስደተኞች ነን፤ ከገዛ አገራችን በስተቀር የትም የሚያስኬድ ሰነድ ኪሳችን ውስጥ አለ። ሰብለ እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ከአባቷ ከአቶ ዘለቀ ሌላ የቅርብ ሰው የላትም። እሳቸው ያቤሎ ውስጥ ድሬሰር ናቸው። የአካባቢው ሰው ሁሉ፣ ከብት ነጂው ሳይቀር፣ እሳቸው በመርፌ ያልወጉት የለም ትለኝ ነበር።

አብረውን የሚማሩት የእንግሊዝ ልጆች በነሐሴ እረፍት የጀርባ ሻንጣ አንጠልጥለው ሕንድ ድረስ ይሄዳሉ። ሰብለም አንድ ቀን «እኛስ ምን ጎደለን? ኬንያ እንሂድ» አለች። ዓላማዋ አንበሳ ማየት አልነበረም። ከናይሮቢ ተነሥተን በጭነት መኪና እስከ ሞያሌ እንወጣለን፤ እዚያ ከሚመላለሱት ነጋዴዎች በአንዱ ለአባቷ መልእክት ትልካለች፤ እሳቸው እስከ ድንበሩ ይወርዳሉ። «ከኬላው ወዲያ ማዶ ቆሞ ባየው ይበቃኛል፤ መነጋገሩ ይቅር» ትላለች።

ለኛ እንደ እናት የነበሩት እትዬ ጸዳለ ሻንጣውን ሲያዩ ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው፣ «ሰው የሚማረው ከሸክም ለመዳን ነው፤ እናንተ ተምራችሁ ተምራችሁ ኩሊ ሆናችሁ?» አሉን። ግን ዳቦ ቆሎ ቋጥረው፣ መርቀው ሸኙን።

ናይሮቢ በደረስን በሦስተኛው ቀን፣ ሰብለ ርካሽ እንግዳ ማረፊያችን ውስጥ ልብስ ስታጥብ፣ እኔ ደኅና መድረሳችንን ልነግራቸው ወደ ፖስታ ቤት ሄጄ ለእትዬ ጸዳለ ስልክ ደወልኩ። ድምፄን እንደሰሙ፣

«ብቻሽን ነሽ?» አሉኝ።

«አዎ እትዬ።»

«አቶ ዘለቀ ዐርፈዋል፤ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። ደብዳቤው ትናንት ደረሰን። ስሚኝ ልጄ፣ ትንፍሽ እንዳትዪ። መርዶ በሰው አገር፣ በእንግዳ ቤት አይነገርም። ብትወድቅ ማን ያነሣታል? ይዘሻት ነይ፤ እኛ ተሰብስበን በጠዋት እንነግራታለን። ደግሞ ወደ ድንበሩ እንዳትወስጃት። እዚያ የሚያውቃቸው ሞልቷል፤ አንዱ ነጋዴ መንገድ ላይ ‹ነፍስ ይማር› ቢላትስ? አደራ!»

«እሺ» አልኩ። አደራ ላለኝ ታላቅ እሺ ከማለት ሌላ አላውቅም ነበር። እውነቱን ለመናገር ትክክል መሰሉኝ። መርዶ ለብቻ አይነገርም፤ የሚደግፍ ክንድ፣ አብሮ የሚያለቅስ ዓይን ይፈልጋል። አባቶቻችን ይህን ያወጡት በጭካኔ አይደለም።

ማረፊያው ስደርስ ሰብለ ልብሱን ገመድ ላይ እያሰጣች ታንጎራጉራለች። ከነገ ወዲያ የሚነሣ የጭነት መኪና አግኝታለች።

«ሰብልዬ፣ ሞያሌን እንተወው» አልኳት። «በመንገዱ ሽፍታ አለ ይላሉ። ወገቤንም አሞኛል። ወደ ባሕሩ እንውረድ። ባሕር መሃል ያለች ደሴት ላይ ትልቅ ሆቴል አለ፤ ሦስት ቀን እንደ ሰው እንረፍ።»

የጨመቀችው ሸሚዝ በእጇ ላይ ቀረ። «ማን? አንቺ? ሁለተኛ ሻይ ማዘዝ ኃጢአት የሚመስልሽ እማሆይ?» የምትጠራኝ እንደዚያ ነበር። «በደኅናሽ ነው?»

«ደክሞኛል።»

«አባባስ?»

«በሚመጣው ዓመት። ቃሌ ነው።»

ሸሚዙን አሰጣችው። «እሺ። ያንቺ ወገብ ይሻላል፤ አባባ እንደሆነ የትም አይሄድም» አለች።

ያን የመሰለ ቃል ሰምቶ የሚቆም እግር እግዚአብሔር ስለሰጠኝ እስከ ዛሬ እደነቃለሁ።

ሞምባሳ ድረስ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ፣ በመጨረሻም በጀልባ ሄድን። አቧራችንን ተሸክመን ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው ከላይ እስከ ታች አየንና፣ «ሠራተኞች የሚገቡት በጓሮ በኩል ነው» አለን። ሰብለ ሻንጣዋን እግሩ ሥር አስቀምጣ «እንግዲያው አንተ ተሸከምልን፤ ዛሬ እመቤቶች ነን» ብላው ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ሳቅሁ።

ውስጡ ሌላ ዓለም ነበር። አጎበሩ እንደ ሙሽራ ቬል ከጣሪያ ወርዷል፤ ፎጣው ወፍ ተመስሎ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ጨውና የበሰለ ማንጎ ይሸታል። ማዕዱ ላይ ስሙን የማላውቀው፣ እግሩ የበዛ የባሕር ፍጡር በየሳህኑ ተደርድሮ ሳይ አማተብኩ። ጾመ ፍልሰታ ስለነበር እኔ በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላና ፍራፍሬ ብቻ ነበር የምበላው። ሰብለ «መንገደኛ ጾም የለበትም» ብላ ዓሣዋን እየፈለጠች፣ «እማሆይ፣ ቢያንስ አሽትቺው» ትለኛለች። በሦስት ዓመት አብሮ መኖር እንደዚያ ስትፍለቀለቅ አይቻት አላውቅም። ወደ ጥልቁ ትገባና ራሷን ብቅ አድርጋ በእጇ ትጠራኛለች። እኔ ዳር ተቀምጬ፣ ውዳሴ ማርያሜን ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ አንድ መስመር ሳላነብ እውላለሁ። ልብስ ልትቀድበት፣ ደረት ልትደቃበት የሚገባትን ቀን ነው የምትዋኝበት፤ ያስገባኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ከሆቴሉ ሱቅ ዘንባባ ያለበት ፖስት ካርድ ገዝታ መጣች። ለአባቷ ነው። እንደ ሀብታም መንፈላሰሷን፣ በሚመጣው ዓመት እስከ ድንበሩ እንደምትወጣ፣ ከክረምት ሳል እንዲጠነቀቁ ጽፋ ካርዱን ዘረጋችልኝ። «አንቺም አንድ መስመር ጨምሪበት። አባባ ስለ አንቺ ሳይጠይቅ ጽፎልኝ አያውቅም።»

ብዕሩን ያዝኩ። ሰላምታ ብጽፍ ውሸት ነው፤ ባልጽፍ ትጠረጥራለች። ካርዱን ሳገላብጥ «ምነው፣ ፈተና ነው እንዴ?» አለችኝ። በመጨረሻ «አባባ፣ ሰብለን እኔ አለሁላት» ብዬ ጻፍኩ። ቀና ብዬ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን አደራው ትዝ አለኝ። ከአደራው ይልቅ ደግሞ ያን ደስታ ከፊቷ ላይ የምገፍፈው እኔ መሆኔን ፈራሁ። ይህን ለይቼ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ያን ጊዜ ሁሉም ታዛዥነት መስሎኝ ነበር።

ለንደን በተመለስን በማግስቱ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ሰብለ ከፈተች። እትዬ ጸዳለ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፤ ከኋላቸውም ሰባት ስምንት ሰው በደረጃው ላይ አለ። ሰብለ እነሱን አየችና ዞር ብላ ያየችው እኔን ነው። ከዚያ ጩኸቷ መጣ። ደጋፊ አልጠፋም፤ ክንድ ሞልቶ ነበር። እንደተባለው ሆነ።

ሦስቱ ቀን አልፎ ሰው ሁሉ ሲበተን፣ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች ጠየቀችኝ።

«ናይሮቢ ሆነን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከሞያሌ የሁለት ቀን መንገድ ላይ ነበርኩ፣ አስካለ» አለች። እማሆይ አላለችኝም። «የቀበሩትን ሰዎች አገኝ ነበር። ምን ብሎ እንደሞተ እጠይቅ ነበር። ድንበሩ ላይ ቆሜ ወደ አገሩ ዞሬ አለቅስ ነበር። አንቺ አሸዋ ላይ አስተኛሽኝ።»

ይህን ያሰበ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። ስለምትወድቅበት ስንጨነቅ፣ የት ለመቆም እንደምትፈልግ አልጠየቅናትም። ለንስሐ አባቴ ነግሬ ቀኖና ተቀብዬ ስግደቱን ሰግጄ ጨርሻለሁ። እሷ ግን ወደ ሌላ ሰፈር፣ ወደ ስቶክዌል ተዛወረች፤ ለብዙ ጊዜ ከ«እንደምን ሰነበትሽ» ያለፈ ቃል አልነበረንም።

ደርግ ወድቆ መንገዱ ሲከፈት ያቤሎ ልትሄድ መሆኑን ሰምቼ፣ አብሬሽ ልሂድ ብዬ ለመንኳት። ሳትቆጣ፣ «አይሆንም። በዚህ መንገድ አንቺ አትምሪኝ» አለችኝ። ብቻዋን ሄዳ ተመለሰች። መቃብሩን አግኝታለች። አባቷን በመጨረሻው ሕመማቸው ያስታመመው ጎረቤት፣ በየሳምንቱ ሞያሌ ገበያ ይወርድ የነበረ ሰው፣ እሷ ከመድረሷ ሁለት ዓመት ቀድሞ ሞቷል። አባቷ በመጨረሻ የተናገሩትን የሚያውቅ ሌላ ሰው አልተገኘም። ይህን ስትነግረኝ አልወቀሰችኝም፤ ሻይዋን እያማሰለች፣ እንደ ወሬ ነው የነገረችኝ።

ዛሬ እትዬ ጸዳለም የሉም፤ መርዶ ሲመጣ ስልኩ የሚደወለው ለእኔ ነው። «ልጁ ለሥራ ወጥቷል፣ እስኪመለስ እናቆየው?» «ልጅቷ እረፍት ላይ ናት፣ ደስታዋን አንረብሽባት?» ይሉኛል። ወጉን አላፈርስም፤ ጠዋት ነጠላ አዘቅዝቆ መሄዱ መልካም ነው። ግን እሺ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፤ «አሁን ያለችው የት ነው? ከዚያ ተነሥታ ለቀብር፣ ካልሆነም ለመቃብሩ፣ መድረስ ትችላለች?» አንዳንዶቹ እርጅና ነው ብለው ይታገሡኛል።

ሰብለም በነዚህ ምክክሮች ላይ ትገኛለች። ይህን ስጠይቅ ቀና ብላ አታየኝም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ታስተካክልና፣ አጠገቤ ሆና መልሱን ትጠብቃለች።