የሌላ ሰው ሃምሳ አለቃ

እትዬ ኔልዳ ሌድፎርድ ሠላሳ አንድ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠርታ ጡረታ በወጣች በሦስተኛው ቀን፣ እኔ ወደምሠራበት የፍርድ ቤቱ ምድር ቤት ወረደች። እኔ በኬንታኪ ደቡብ ያለው የወረዳችን የርስት መዝገብ ጠባቂ ነኝ። ትንሽ ልጅ ሆኜ ምሳዬን ታድለኝ በነበረበት ድምፅ፣

"ራንደል፣ አያቶቼ ከየት እንደመጡ የሚናገረው መጽሐፍ የትኛው ነው?" አለችኝ።

"አንድ መጽሐፍ የለም እትዬ። ሁለት መቶ አርባ መዝገብ ነው ያለው።"

"ቶሎ ብንጀምር ይሻላላ" አለችና ኮቷን አወለቀች።

ምን እንዳመጣት አውቃለሁ። እኛ አገር ቀድሞ የመጣ ሰው ስሙን ለመንገድ፣ ለድልድይ፣ ለመቃብር ቦታ ይሰጣል። የሌድፎርዶች ስም ግን የትም የለም። ዘራቸው የሰው መሬት ሲያርስ የኖረ ጢሰኛ ነው። ኔልዳ የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች እህል መሸጫው ደጃፍ ላይ አንድ ባለርስት፣ "ሌድፎርዶችማ ከካኒ ወንዝ እንደ እንቁራሪት ዘለው የወጡ ናቸው፤ አባትም አገርም የላቸው" ሲል ሰምታለች። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። አባቷም አብረው ሳቁ። እሷ ግን ከኋላ ቆማ ስለነበር ጆሯቸው ሲቀላ አየች። ይህን የነገረችኝ ከተዋወቅን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ያኔም ፊቷን ወደ መዝገቡ መልሳ ነው የነገረችኝ።

ማክሰኞና ሐሙስ መምጣት ልማዷ ሆነ። የድሮውን እጅ ጽሑፍ ማንበብ በአንድ ክረምት ለመደች። "ከሾላው ዛፍ ተነስቶ እስከ ሁለቱ ድንጋዮች" የሚለውን የወሰን ቃል እያነበበች በወረቀት ላይ መስመር ታሰምርና፣ የሰዎቹን መሬት እንደ ተቀደደ ጨርቅ እየገጣጠመች ትሰፋዋለች። ከአባቷ ወደ አያቷ፣ ከአያቷ ወደ ቅድመ አያቷ እያለች ወደ ላይ ወጣችና ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ካኒ ወንዝ ዳር ግብር ይከፍል የነበረ አብሳሎም ሌድፎርድ የሚባል ሰው ላይ ደረሰች። ሚስቱ ኬዛያ ትባላለች።

በዓመቱ ደግሞ ከእንግሊዝ ንጉሥ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት የዘመቱትን ሰዎች ዝርዝር ስታገላብጥ "ሃምሳ አለቃ አብሳሎም ሌድፎርድ፣ ቨርጂኒያ" የሚል አገኘች። ለዘመቻው ውለታ ማደሪያ መሬት ተሰጥቶታል፤ መሬቱም እዚሁ፣ ካኒ ወንዝ ላይ ነው። ስሙ አንድ፣ ወንዙ አንድ፣ ዘመኑ አንድ። ማን ይጠረጥራል? እኔም አልጠረጠርኩም። እንዲያውም ጮኼ ያቀፍኳት እኔ ነኝ።

መጽሐፍ ጻፈች። አንድ መቶ አሥራ ሁለት ቅጂ አሳትማ ለዘመድ አዝማድ አደለች። አሮጌው መቃብር ላይ ከነበረው ጥርብ ያልሆነ ድንጋይ ፋንታ፣ "አብሳሎም ሌድፎርድ፣ ሃምሳ አለቃ፣ ስለ ነጻነት የተዋጋ" የሚል ጥቁር የመቃብር ድንጋይ አቆሙ። የሞተበትን ቀን ስላላወቁት ቦታውን ባዶ ተዉት። በምረቃው ቀን የአባቷ ታናሽ ወንድም አጎት ሆይት፣ ኮሪያ የዘመቱት፣ ከተሽከርካሪ ወንበራቸው ተደግፈው ተነሡና ድንጋዩን ቀጥ ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ሰጡት። ብዙ ሰው አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የሌድፎርድ ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይሄዱ ጀመር።

ይህ ከሆነ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

በዘጠነኛው ዓመት መኸር ላይ አሮጌዎቹን መዝገቦች ፎቶ እያነሣን ማስቀመጥ ጀመርን። በስም ማውጫው ላይ "ሌትፎርት" ተብሎ የተጻፈ አንድ የሽያጭ ውል እጄ ገባ። ገልጬ አነበብኩት። በ1811 እ.ኤ.አ. አብሳሎም ሌድፎርድ፣ ቀድሞ ሃምሳ አለቃ የነበረ፣ አሁን ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የሚኖር፣ ከሚስቱ ከራሔል ጋር ሆኖ ካኒ ወንዝ ላይ ያለውን ማደሪያ መሬቱን ሸጧል። ግርጌው ላይ ስሙን በሚያምር እጅ ጽፎ ፈርሟል።

የኔልዳ አብሳሎም እስከ 1834 ድረስ እዚሁ ግብር ሲከፍል ኖሯል። ሁለት ሰዎች ነበሩ ማለት ነው።

አራት ቀን ዋጥኩት። መዝገቡን መልሼ ብዘጋው ማንም አያውቅም ነበር። ሐሙስ ዕለት መጣችና ተቀመጠች፤ አንድ ሰዓት ያህል ቆይታም መነጽሯን አውልቃ አየችኝ።

"ምን ሆነሃል? ዛሬ ከሳንድዊቼ ግማሹን አልለመንከኝም።"

ወረቀቱን ፊቷ አኖርኩት። ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"ራሔል ማን ናት?"

ነገሩን ለማቅለል ብዬ፣ "ምናልባት ሁለት ሚስት ኖሮት ይሆናላ" አልኩ።

"ወንድ ልጅ በሁለት ቤት ያድር ይሆናል፤ በሁለት እጅ ግን አይፈርምም" አለች። "የእኛው ስሙን መጻፍ አይችልም። በየውሉ ላይ ምልክት ነው የሚያደርገው። ሁልጊዜ አየዋለሁ። እያየሁ አላየሁትም።" ወረቀቱን ቀስ ብላ አጠፈችው። "ለማንም እንዳትናገር ራንደል።"

ከዚያ በኋላ መምጣት ተወች። ክረምቱ ሲጋመስ ቤቷ ሄድኩ። ልብሷ ሰፍቷት አገኘኋት፤ ምግብ አልረጋ ብሏታል። ወጥ ቤት ቁጭ ብለን፣ "የእህቴ የልጅ ልጅ ክፍል ፊት ቆሞ የሃምሳ አለቃ ዘር ነኝ ብሏል" አለችኝ። "አጎት ሆይት ሰማንያ ስምንት ዓመታቸው ነው። በየዓመቱ ለዚያ ድንጋይ ይነሣሉ። እሳቸው እስኪያልፉ ልጠብቅ አልኩና በራሴ ደነገጥኩ። የገዛ አጎቴን ሞት ስጠብቅ አገኘሁት ራሴን።"

"እስቲ መጀመሪያ የራስሽን አብሳሎም እንፈልገው።"

"ምኑን? እሱማ ማንም አይደለም።"

"እስካሁን የፈለገው የለም እኮ እትዬ።"

በስንት ልመና መለስኳት። የዘመቱት ዝርዝር ውስጥ የለም። ጡረታ የተቀበሉት ውስጥም የለም። በመጨረሻ ጡረታ ጠይቀው የተከለከሉትን ዝርዝር አወጣሁ፤ የተከለከለ ሰው አያት አድርጎ የሚፈልግ ስለሌለ ገልጠነው አናውቅም ነበር። እዚያ ውስጥ ስሙ አለ። የዶሴውን ቅጂ እንዲልኩልን ወደ ዋሽንግተን ጻፍን። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ቡናማ ፖስታ ይዛ ወረደች፤ አልከፈተችውም።

"አንተ ክፈተው።"

ሽማግሌው በ1833 እዚሁ እኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ፊት ቆሞ የሰጠው ቃል ነው። ጸሐፊው እንደተናገረው አድርጎ ጽፎታል። ጮክ ብዬ አነበብኩላት።

"ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ለሠራዊቱ በበሬ ጋሪ ዱቄት አድርሻለሁ፤ ስመለስ ቁስለኞች ጭኜ መጥቻለሁ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ሁሉም ቢደመር አምስት ወር አይሞላም። ጠመንጃ አልተሰጠኝም፤ በሰው ላይም ተኩሼ አላውቅም። አንዱ ልጅ እግሬን ይዞ እንደተኛ መንገድ ላይ ሞተ። ስሙን አልጠየቅሁትም፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።"

ዳር ላይ በሌላ እጅ፣ "ከስድስት ወር በታች ስለሆነ አይገባውም" ተብሎ ተጽፏል።

ሁለተኛውን ገጽ ገለጥኩ። "እትዬ፣ ስሚ። ‘ሚስቴ ኬዛያ በሕይወት አለች። የበኩር ልጄ ዊሊስ አብሮኝ ይኖራል።’"

ከወንበሯ ብድግ አለች። ዊሊስ አራተኛ አያቷ ነው። የአብሳሎም ልጅ መሆኑን በግምት ነበር መጽሐፏ ላይ የጻፈችው፤ አሥር ዓመት ሙሉ ማስረጃ አጥታ በዚያች አንዲት መስመር ስትሳቀቅ ኖራለች። ግርጌው ላይ ደግሞ ያ ምልክት አለ፤ ትንሽ ክብ፣ መሃሉ ላይ ጭረት። ጣቷን አሳረፈችበት።

"እሱ ነው" አለች። "የኔ ነው።" አለቀሰች፤ ቀጥላም ሳቀች፤ ከዚያ ሳንድዊቿን አውጥታ ግማሹን ሰጠችኝ።

የሌድፎርዶች የዘመድ ጉባኤ በሐምሌ ሁለተኛው እሑድ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዳስ ሥር ነው። ጥብስ ዶሮው፣ ባቄላው፣ የበቆሎ ዳቦው ተደርድሯል፤ ስድሳ ያህል ሰው ተሰብስቧል። እኔንም ጎትታ ወስዳኛለች። ገና ማንም ሳይበላ ተነሥታ ቆመች።

"ቶሎ ልናገርና ልገላገል። ድንጋዩ ላይ ያለው ሃምሳ አለቃ የእኛ አያት አይደለም። ተሳስቼ ነው። ወረቀቱ ይኸው፤ የፈለገ ያንብበው።"

ሁሉም ወደ አጎት ሆይት ዞረ።

"ስለዚህ" አሉ ሽማግሌው በቀስታ፣ "ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው አያት ነው ሰላምታ ስሰጥ የኖርኩት?"

"አዎ አጎቴ። ጥፋቱ የኔ ነው።"

"ያውም ቀጥ ብዬ! በዚህ ጉልበቴ!"

ከኋላ አንዱ ሊስቅ ብሎ አፉን ያዘ።

"የእኛውስ ማን ነው?"

የበሬ ነጂውን ቃል አነበበችላቸው። ሲያልቅ፣ "ድገሚልኝ" አሏት። ደገመች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጭናቸው ላይ አኖሩ።

"እኔ ኮሪያ የያዝኩት የጭነት መኪና መሪ ነው እንጂ ጠመንጃ አይደለም" አሉ። "ሄዶ መምጣት ነበር ሥራዬ፤ ዳቦ አድርሼ በሬሳና በቁስለኛ እመለሳለሁ። ስንቴ ልነግራችሁ አስቤ እናንተ ‘የሃምሳ አለቃው ደም!’ እያላችሁ ከፊት ታስቀምጡኛላችሁ። እኔ ደግሞ የሰው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው ስቁነጠነጥ ኖርኩ። ኔልዳ፣ ገላገልሽኝ ልጄ።" ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ያንን ዶሮ ወዲህ አሳልፉታ! እስኪበርድ ነው የምትጠብቁት?"

ሁሉም ደስ አላለውም። የኔልዳ የወንድም ልጅ "የሃምሳ አለቃው ልጆች" የሚል ጽሑፍ ያለበት አርባ ካናቴራ አሠርታ መኪናዋ ውስጥ ጭና መጥታለች።

"እኔ እነዚህን ምን ላድርጋቸው?" ብላ ጮኸች።

"ገልብጠሽ አልብሻቸዋ!" አሏት አጎት ሆይት አፋቸው እንደሞላ። ቀኑን ሙሉ አኩርፋ ዋለች፤ ማታ ግን እሷም ራሷ አንዱን ገልብጣ ለብሳ ዕቃ ስታጥብ አይቻታለሁ።

ኔልዳ በዚያው ሳምንት ያላትን ወረቀት ሁሉ ሃምሳ አለቃው ተሻግሮ ወደኖረበት ወደ ሚዙሪ ላከች። በወሩ ማርቪስ የምትባል ሴት ደወለች። የሃምሳ አለቃው ዘር ናት። መቃብሩን ያውቁታል፤ ድንጋይ ግን የለውም፤ ከቨርጂኒያ ወጥቶ እነሱ ዘንድ እስኪደርስ የት እንደኖረ የሚያውቅ ጠፍቶ ነበር።

በጥቅምት ማርቪስ ከባሏ ጋር በጭነት መኪና መጣች። ምድር ቤት አውርጄ የ1811ን ውል አሳየኋት። ፊርማውን ስታይ፣ "ሠላሳ ዓመት መሃሉ ጠፍቶኝ ኖሬያለሁ" አለች ኔልዳን እጇን ይዛ። "ለካ አንቺ ስታቆይልኝ ነበር።"

ከዚያ ወደ መቃብሩ ሄድን። የሌድፎርድ ወንዶች ስድስት ሆነው ጥቁሩን ድንጋይ አንሥተው መኪናው ላይ ጫኑት፤ በብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ስሙም ማዕረጉም ትክክል ስለሆነ የቀረው የሞተበትን ቀን መቅረጽ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማርቪስ ታውቀዋለች። በፋንታው አነስ ያለ ድንጋይ ቆሟል፤ "አብሳሎም ሌድፎርድ፣ ኬዛያ ሚስቱ" ይላል፤ ከሥሩም "ለሠራዊቱ ዱቄት አደረሰ፣ ቁስለኞችን መለሰ"። አጎት ሆይት ለዚህኛው አልተነሡም። ወንበራቸውን አስጠግተው እጃቸውን ጫን አደረጉበት፣ እንደ ሰው ትከሻ።

መኪናው ከኮረብታው ሲወርድ ኔልዳ ቆማ እያየች፣ "ወገቤን የለቀቀኝ መሰለኝ" አለች።

"ድንጋዩን የተሸከሙት እነሱ ናቸው እኮ እትዬ።"

"ዝም በል አንተ። ርቦኛል።"

መንገድ ዳር ካለችው ምግብ ቤት ገብተን የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። አንዱን ሳህን ጨርሳ ሌላ አስጨመረች፤ በላዩም የኮክ ኬክ። አስተናጋጇ በልጅነቷ ከኔልዳ እጅ ምሳ የበላች ናት፤ "ዛሬ ምን ተገኘ እትዬ? በዓል ነው?" አለቻት።

"የሰው ዕቃ መልሼ መምጣቴ ነው" አለች ኔልዳ፣ ሹካዋን ሳታስቀምጥ።